ከትራሴ ሥር ያለው ብረት

ልጄ የጠባውን ሁሉ ይመልሳል። ገና አፉን ከጡቴ ሳያላቅቅ ወተቱ በአፉም በአፍንጫውም ይወጣል። ከዚያ ጀርባውን ወደ ኋላ ይለጥጥና ይጮኻል። ሳስተኛው ይብስበታል። አንዳንዴ ትንፋሹ ቁርጥ ይልና ከንፈሩ ይጠቁራል፤ እኔም እስኪመለስለት ድረስ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። በሃያ አንድ ቀኑ፣ ከተወለደበት ቀን ይልቅ ቀልሎ ነበር።

የመጀመሪያው ልጄ ወርቁም እንዲሁ ነበር ያደረገው። ያኔ አማቴ ወይዘሮ ብዙነሽ «እንጥሉ ወርዶ ነው» አሉና ቆረጡለት። አማቴ የታወቁ እንጥል ቆራጭ ናቸው፤ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ብረት አላቸው፣ ከእናታቸው የወረሱት። በዚያ ብረት ቆረጡለትና በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። የእግዜር ፈቃድ ነው ተባለ። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ እንጂ አንድም ቀን አላመንኩም።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው። ዘመኑ ሃምሳ ስድስት ነው፣ ሁዳዴ ገብቷል፤ ባሌ አሥር አለቃ ለገሠ ከጦሩ ጋር ወደ ኦጋዴን ወርዷል። «ልጁን አደራ» ብሎ ጽፏል፤ ለእኔ እንዳይመስላችሁ፣ ለእናቱ ነው። የምንኖረው ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ አዴ ረውዳ ከሚባሉ፣ እዚያው ግቢ ከሚኖሩ የአገሬው ሴት በተከራየነው አሮጌ የሐረር ቤት ነው። ወለሉም መደቡም በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ ግድግዳው ውስጥ ዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዳ መደርደሪያዎች የተቀረጹበት ቤት። አዴ ረውዳ «ሐኪም ቤት ውሰጂው» ቢሉኝም፣ አማቴ «ክርስትና ሳይነሳ ደጅ አይወጣም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ቅዳሜ እንጥሉ ይቆረጣል። ጎረቤታችን ለተማርያም ጭንቅላቱን ትይዛለች። ያለቀ ነገር ነው።

አራስ ብቻዋን ስትቀር ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ከትራሷ ሥር ብረት ይደረግላታል። ሌላው ሰው ቢላዋ ያደርጋል፤ አማቴ ያንኑ መቁረጫቸውን አደረጉልኝ። «ከዚህ የበለጠ የሚፈራ ብረት የለም» አሉ። ይህስ እውነታቸውን ነው፤ እኔ ራሴ ስፈራው ነበር የማድረው።

አማቴ ይህን ልጅ አቅፈውት አያውቁም። ሲሰጡኝ እንኳ እንደ ትኩስ ድስት በጣታቸው ጫፍ ይዘው ነው። እኔ ለማስገሳት ቀና ላድርገው ስል ግን «አንገቱን! ሕፃን ቀጥ ተደርጎ አይያዝም!» ብለው ይጮኹብኛል። ቀትር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ መድኃኔ ዓለም ቅዳሴ ይሄዳሉ። ክፉ ዓይን እንዳያየኝ በሩን ከውጭ ይቆልፉታል፤ ቁልፉ ከአንገታቸው አይወርድም።

ሰኞ ቀትር ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። የነቃሁት ጸጥታው አስደንግጦኝ ነው። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ጩኸት በማይለየው ቤት ውስጥ ኮሽ የሚል ነገር የለም። እጄን ወደ ጎኔ ብሰድ ልጄ የለም። ዘልዬ ተነሳሁ። ልጄ ከፊት ለፊቴ ግድግዳው ውስጥ፣ በአንዱ መደርደሪያ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በትራስ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። ወደ በሩ ሮጥኩ። እንደተቆለፈ ነው።

ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ ደግሞ በእንቅልፍ ልቤ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀስ ያለ፣ ከአጠገቤ የሚመጣ። «ወርቁ...» ይላል። «ወርቁዬ...» የሞተውን ልጄን ስም ነው የሚጠራው። ልነሳ ብል ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ። ዓይኔን ስገልጥ ያው ልጄ ከግድግዳው ውስጥ ያየኛል፤ የጠባው ወተት ሆዱ ውስጥ ነው፣ ጠብታ አልመለሰም።

ማታ ለአማቴና ለለተማርያም ነገርኳቸው። አማቴ አመድ መስለው ቀሩ፤ አማተቡና ወደ ጓዳ ገቡ።

ለተማርያም ግን አፏ አያርፍም። «ወንድሙ ነው» አለችኝ። «ብቻውን ሰልችቶት ሊወስደው እየመጣ ነው። ቅዳሜ እንጥሉ ሳይቆረጥ እንዳያልፍ!»

ፈራሁ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሊወስደው የመጣ መንፈስ ወተቱን ለምን ያረጋለታል? ደግሞስ፣ ልሸሽገው አልችልም፣ የወርቁ ስም ሲጠራ በመስማቴ ከፍርሃቴ ሥር ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ ቤት ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት አማቴ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ አዴ ረውዳ ብቅ አሉ፤ ከሻሻቸው ሥር ከሶፊ ገጠር የመጣ አንድ ጭብጥ ጫት አውጥተው ሰጡኝ።

«እኔ? ጫት? በሁዳዴ?» አልኳቸው።

«ወላሂ ማንም አያይሽም። ቃሚና ቀትር ላይ ሳትተኚ ቆዪ።»

«የሚመጣውን አይተውታል እንዴ?»

«እኔ የሰው ቤት ነገር አላወራም፣ ልጄ። ዓይንሽ ይንገርሽ።» ብለው ሄዱ።

ለተማርያም ብታየኝ ከሐረር አልፋ ድሬዳዋ ድረስ ታወራው ነበር። አማቴ ቆልፈው እንደሄዱ ቃምኩት። መረረኝ፤ አፌ ደረቀ፤ እንቅልፉ ግን ድራሹ ጠፋ። በጎኔ ተጋድሜ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ እጄን ከትራሴ ሥር ከትቼ ብረቱን ጨበጥኩት።

ቁልፉ ቀጭ አለ። በሩ ተከፈተ። ከራስ እስከ እግሩ ነጭ የተከናነበ ነገር በባዶ እግሩ ገባ፤ የእርምጃው ድምፅ አይሰማም። ወደ እኔ መጣ። ጎንበስ አለ። ልጄን ከጎኔ ሲያነሳው ትንፋሹ ፊቴን ነካኝ። ብረቱን ይበልጥ ጨበጥኩ፤ ልሰነዝር ምንም አልቀረኝም። ልጄን ትከሻው ላይ አድርጎ ጀርባውን በስሱ መታ መታ ሲያደርገው ነጠላው ተንሸራተተ።

አማቴ ናቸው።

ልጁ አገሳ። እሳቸው በዚያች ጠባብ ክፍል ወዲህ ወዲያ እያሉ፣ ለእሱ ይሁን ለሌላ ሰው እንጃ፣ ያወሩ ጀመር።

«ወርቁዬ... ያን የመጨረሻህን ቀን ትከሻዬ ላይ ሳደርግህ ዝም ብለህልኝ ነበር። አይቼ ነበር እኮ። እኔ ግን ደከመኝና አስተኛሁህ። ተመልሼ ስመጣ... ዛሬ አላስተኛህም። ዛሬ አላስተኛህም፣ የኔ ጌታ።»

ዓይናቸው ልጄን አያይም። ከልጄ ጀርባ ያለ፣ እኔ የማላየውን ሌላ ሕፃን ነበር የሚያዩት። አንዴ ዞር ብለው መደቡን ሲያዩ እኔም መኖሬን የረሱ መሰለኝ፤ ከወርቁ መንፈስ ይልቅ ያኔ ፈራኋቸው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ቀና ሲደረግ እንደሚሻለው ያውቁ ነበር! እያወቁ፣ ነገ ደግሞ ሊቆርጡ! አፌን ከፍቼ ልጮህባቸው ስል ልጄን መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው እግሩን ሳሙት። በእጃቸው ጨርቁን ቀስ አድርገው አስተካከሉለት። የዚያን ሁሉ ቤት ልጅ እንጥል የቆረጠው እጅ ነው። አሳዘኑኝ፤ ሳልወድ አሳዘኑኝ። እስኪወጡ ዓይኔን አልገለጥኩም። ቆልፈው ሲሄዱ በጓዳዋ መስኮት አዴ ረውዳን ጠርቼ ብረቱን ሰጠኋቸው። «ከማላየው ቦታ ይጣሉልኝ» አልኳቸው። ከሻሻቸው ሥር ሸሽገው ወሰዱት።

ቅዳሜ ጠዋት ለተማርያም እጅጌዋን ሰብስባ መጣች።

«ብረቱን አምጪ» አሉኝ አማቴ፣ ወለሉን እያዩ።

«የለም፣ እማዬ። ጠፋ።»

«ከአራስ ትራስ ሥር ብረት ይጠፋል?» አለች ለተማርያም። «ግድ የለም፣ ኤረር በር ሌላ ቆራጭ አለች፤ አሁኑኑ ይዣት እመጣለሁ።» ነጠላዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች።

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ እሳቸውን አላየሁም፤ መደርደሪያውን ነበር ያየሁት። ዓይናቸው ዓይኔን ተከትሎ እዚያ ደረሰ። ልጄ ደግሞ ይህንኑ የጠበቀ ይመስል ጀርባውን ለጥጦ ይጮህ ጀመር፤ ወተቱ በአፍንጫው ወጣ፣ ከንፈሩ ጠቆረ።

አማቴ ከተቀመጡበት ተነሱ። በለተማርያም ፊት፣ በጠዋት ብርሃን፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እያለ፣ ልጄን አንስተው ቀጥ አድርገው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ልጁ ተነፈሰ፤ ጩኸቱም ቀስ በቀስ በረደ።

«ኧረ አንገቱን!» አለች ለተማርያም ከደጃፉ። «ምን ነካዎት? ሕፃን ቀጥ ተደርጎ አይያዝም ሲሉን የኖሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ይህንን ደግሞ ማን አስተማረዎት?»

አማቴ የልጁን ጀርባ መታ መታ ማድረጋቸውን አላቆሙም።

«ወርቁ» አሉ።