ማርላ የመለሰችው ወረቀት

እስክሪብቶው ራሱ በሰንሰለት ታስሯል፣ ማን ይሰርቀዋል ብለው ነው፣ አራት መቶ ሰው በሚኖርባት ካርቨርዴል እስክሪብቶ የሰረቀ ሰው ስሙ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይታወቃል፣ ዌንዴል ጫፉን ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ያስጠጋና መልሶ ያነሳዋል። አንደኛ ጥያቄ። በመንደሩ ክልል በሚገኙ ፈቃድ ባላቸው መጠጥ ቤቶች የቁማር ማሽኖች እንዲተከሉና መንደሩ ከገቢው የሚደርሰው ድርሻ ለአምቡላንስ አገልግሎት እንዲውል ይፈቀድ? አዎ፣ አንድ ክብ። አይፈቀድ፣ አንድ ክብ። ሁለተኛ ጥያቄ። ለዚሁ አገልግሎት በቤትና በመሬት ግብር ላይ ጭማሪ ይደረግ? አዎ። አይደረግ። በቃ፣ አራት ክብ፣ እያንዳንዳቸው የበቆሎ ፍሬ ያክላሉ፣ ሰው ለዚህች ነገር ሩብ ሰዓት ይቆማል እንዴ፣ ከኋላው የቆሙት ምን ይላሉ፣ ዌንዴል ማንበብ ጠፋው ይላሉ።

ይበሉ።

እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ መምረጡ ራሱ ያስቃል። የአምቡላንሱ ጋራዥ ነው፣ ሌላ ሰፊ ቤት ስለሌላቸው ምርጫ በመጣ ቁጥር አምቡላንሱን ገፍተው ያወጡና ጠረጴዛ ይደረድራሉ፣ ዛሬም ውጭ ዝናብ እየመታው ቆሟል፣ ይኑር ወይስ ይሸጥ እየተባለ በገዛ ቤቱ ውስጥ ይመከርበታል፣ እሱ ግን ደጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቶታል ዌንዴል፣ ጡረታ እስኪወጣ ቀን የወረዳውን የመንገድ ግሬደር፣ ማታና ቅዳሜ ይሄን፣ ያለ ደሞዝ፣ ለቡና የሚሆን እንኳ ሳይሰጡት፣ የወለሉ የዘይት እድፍ እንኳ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ያውቃል። ሁለቱም ጥያቄ ከወደቀ በሰኔ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲወድቅ የሚመጣው ከወረዳው ከተማ ነው፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ያውም መንገዱ ደረቅ ከሆነ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ሌላው ሰው በወሬ ያውቀዋል፣ ዌንዴል በእጁ ያውቀዋል፣ ልቡ የቆመ ሰው ደረት ሲጫኑ ክንድ የሚዝለው በሁለተኛው ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ማለፍ አለበት። የትኛው።

ግብሩ ካለፈ ቤቱ አለቀለት፣ ይሄን ደብቆ አያውቅም፣ ከራሱም አይደብቅም። ቤቱ ለባንክ የተያዘው ለሁለተኛ ጊዜ ነው፣ አንዴ ሲሠሩት፣ አንዴ ማርላ ላይ ያ ነገር ሲመጣ። ጡረታው ለባንኩ ይበቃል፣ ለመብራቱ ይበቃል፣ ለእሷ የደም ግፊት መድኃኒት እንደምንም ይበቃል፣ ጭማሪ ከመጣ ግን አንዱ ይቀራል፣ ሁለት ዓመት ቢገፉ ነው፣ ከዚያ ደጃፉ ላይ የሚሸጥ የሚል ሰሌዳ። ማሽኑ ካለፈ ደግሞ ማንም ምንም አይከፍልም፣ የመንደሩ ስብሰባ ላይ እንደዚያ ነው ያሉት፣ ማንም ምንም አይከፍልም፣ ማሽኑ ይከፍላል። ማሽን ከየት አምጥቶ ይከፍላል አንተ ሰው፣ ብሎ ሊጠይቅ ነበር፣ እጁን ግማሽ ድረስ አንስቶ ነበር፣ ግን ማርላ አጠገቡ ተቀምጣ ነበርና እጁን አውርዶ ጆሮውን አከከ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፣ መንደሩ ተቸግሯል፣ እውነት ነው። ከፋዩን ግን ያውቀዋል። እንደ ማርላ ያለው ነው የሚከፍለው፣ አምቡላንሱን የሚገዙት እነሱ፣ አምቡላንሱ መጥቶ የሚያነሳቸውም እነሱ።

ማርላ እዚሁ ናት። በካርቶን ከተከለሉት ጠረጴዛዎች ሁለቱን አልፎ ሦስተኛው ላይ፣ ከታች ጫማዋ ብቻ ይታያል፣ ቡናማው፣ ተረከዙ ወደ ውጭ የተበላው፣ እና የዝናብ ካፖርቷ ጠርዝ። እሷም ቆይታለች። ምን ያቆያታል፣ እሷ እንደሆነች የምትለውን ጨርሳ ነው የመጣችው፣ ጠዋት ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባች፣ ቀና ሳትል፣ ማሽኑን አዎ በለው ዌንዴል፣ ግብሩን አንችለውም፣ እኔ እንደሆንኩ ደህና ነኝ። እሺ አላት። እሺ ብሎ ዳቦውን ተቀበለ፣ ጎረሰ። ደህና ነኝ ያለችበት አነጋገር ግን፣ ምን ነበር፣ ትንሽ ፈጠነች፣ ወይስ እሱ ነው ጆሮው የቆመው፣ አራት ዓመት ሙሉ ጆሮው እንደቆመ ነው፣ በሩን ስትከፍት ይሰማል፣ ቁልፍ ስታነሳ ይሰማል፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ስትል ሰዓት ያያል፣ ከዚያ ሰዓት በማየቱ ያፍራል።

ያን ቀን ያየውን ለማንም አልተናገረም። አውራ ጎዳናው ላይ፣ ከወረዳው ድንበር ወዲያ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ማደያ፣ ሰው ወድቋል ብለው ጠሩ፣ እሱና ራስቲ በረው ደረሱ፣ የአምቡላንስ ጓደኛው ራስቲ ያኔ ገና ጉልበቱን አልታመመም ነበር። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ስድስት የቁማር ማሽኖች፣ ሽማግሌው ከወንበሩ ወድቆ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ዌንዴል ተንበርክኮ ደረቱን መጫን ጀመረ፣ አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ቀና ሲል ከወደቀው ሰው ሦስተኛው ወንበር ላይ ማርላ። እህቷ ዘንድ የሄደችው ማርላ። እህቷ ዘንድ ልደር ነው ያለችው። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፣ አየችው፣ አውቃው አየችው፣ እሱ እየተጫነ ነው፣ ማቆም አይችልም፣ ሰው እጁ ላይ ነው፣ እና እሷ፣ እያየችው፣ ጣቷ ወርዶ የማሽኑን ቁልፍ ተጫነ። አሥራ ሦስት አሥራ አራት አሥራ አምስት። ሽማግሌው ተረፈ፣ ዛሬም አለ፣ በየገናው ቋሊማ ይልክላቸዋል። ማርላ በማግስቱ ስትመለስ ኮቷን ተቀብሎ ሰቀለላት። እህትሽ እንዴት ናት፣ አላት። ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች፣ አለችው።

ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ፣ እሱ ደግሞ ከልጅነቱም አፉ የተዘጋ ነው፣ ለግሬደር ይመቻል፣ ለአምቡላንስም ይመቻል። ነገሩ የወጣው ከስምንት ወር በኋላ በባንኩ ደብዳቤ ነው፣ እሷ አለቀሰች፣ እሱ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሄን ሱስ ለመተው በወረዳው ከተማ ቤተ ክርስቲያን ከሚሰበሰቡት ጋር መሰብሰብ ጀመረች፣ ራሷ ፈልጋ፣ ማንም ሳይገፋት፣ ይሄ አራት ዓመቱ ነው። ጎበዝ ናት። በእነዚህ አራት ዓመታት ቁማር የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ላይ ማስታወቂያው ሲመጣ ጣቢያ ይቀይራል፣ የልጃቸው ልጅ ካርታ ይዞ ሲመጣ ካርታውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ማክሰኞ ማታ ስትመለስ መንገዱ እንዴት ነበር ብሎ ይጠይቃታል፣ ስለ መንገዱ ትነግረዋለች። ክብር ነው እሱ ዘንድ ይሄ። የታመመ ቁስል አይነካካም።

እና አሁን። አይፈቀድ ብሎ ቢያጠቁር ምን ማለቱ ነው፣ አላምንሽም ማለቱ ነው። ማንም አያይበትም፣ ለዚህ አይደል ካርቶኑ የቆመው፣ እሱ ግን ያየዋል፣ ነገ ቅቤውን ስታቀብለው ያየዋል፣ ደህና ነኝ ብላው ደህና አይደለሽም ብሎ በወረቀት የፈረመባት እሱ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ኖረው። እንደዚህ ያለ ነገር ለሚስት አይደረግም። ማሽኑ የሚተከልበት የዶቲ መጠጥ ቤት ከቤታቸው በእግር ስድስት ደቂቃ ነው፣ ከፖስታ ቤቱ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ፣ ማርላ ፖስታ ለማምጣት በየቀኑ በደጁ ታልፋለች፣ በየቀኑ፣ ዝናብም ቢሆን። እንዲህ ማሰቡን ያቆማል። ደህና ነኝ ብላለች። እስክሪብቶው ይወርዳል፣ አንደኛ ጥያቄ፣ አዎ፣ ክቧን እስከ ጠርዟ ያጠቁራታል፣ ሁለተኛ ጥያቄ፣ አይደረግ፣ እሷንም፣ ቀጥ ብሎ ይተነፍሳል። ስጦታ የሰጣት መሰለው። ሳትጠይቀው እምነቱን የሰጣት።

ግሌንዳ፣ ይቅርታ፣ ይሄን አበላሸሁት፣ ሌላ ስጪኝ።

የማርላ ድምፅ ነው። ካርቶኑን አልፎ ቀና ይላል፣ ማርላ በምርጫ አስፈጻሚዎቹ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች፣ ወረቀቷን ለሁለት አጥፋ ይዛለች፣ ግሌንዳ መነጽሯን አውርዳ፣ ይሄቺ ነርስ ግሌንዳ የመንደሩን ሰው ሁሉ የደም ግፊት በቁጥር የምታውቅ፣ ዛሬ ግን ሕግ ነው፣ አታይም፣ የታጠፈውን እንደታጠፈ ተቀብላ በላዩ የተበላሸ ብላ በትልቁ ትጽፋለች፣ አዲስ ወረቀት ትሰጣታለች። ምን ሆነሽ ነው የኔ እመቤት፣ እጅሽ አልታዘዝ አለሽ፣ ትላታለች። እጄስ በጣም ታዘዘኝ፣ ትላለች ማርላ። በሩ ላይ የተሰለፉት ሦስት ሰዎች ጫማቸውን ያያሉ። ስለ ማርላ የማያውቅ የለም እዚህ ቤት ውስጥ።

የትኛውን ነው የለወጠችው። ጫማዋ ተመልሶ ካርቶኑ ሥር ቆሟል፣ ዌንዴል ያዳምጣል፣ የእስክሪብቶ ድምፅ ይሰማ ይመስል። መጀመሪያ ፈርታ ማሽኑን አይፈቀድ ብላ፣ ከዚያ ጠዋት ያለችውን አስታውሳ ወደ አዎ ዞራ ይሆን፣ ወይስ ግልባጩ፣ ወይስ በቃ መስመር ስታ ነው፣ ሰው መስመር አይስትም እንዴ፣ የዓይኗን መነጽር ከቀየረች ስንት ዓመቷ። ግልባጩ ከሆነስ። ግልባጩ ከሆነ እሱ እዚህ ምን እያደረገ ነው። የራሱን ወረቀት ያያል፣ ሁለቱ ጥቁር ክቦች ያዩታል። እሱም ሄዶ ግሌንዳ ሌላ ስጪኝ ማለት ይችላል፣ አሥር እርምጃ ነው። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው፣ በአንድ ጠዋት፣ በዚህ ጥያቄ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በየጠረጴዛው ይወራል፣ እነዌንዴል ቤት ደግሞ ምን ተነሳ፣ ያቺ ነገር አገረሸባት እንዴ። እንዲህ አያደርጋትም። ለእሷ ብሎ ነው የማያደርገው። እውነቱን ይናገር ከተባለ ለራሱም አፍሯል፣ ወረቀት ይዞ በሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አምቡላንስ የነዳ ሰው።

ማርላ ቀድማው ወጣች፣ ወረቀቷን ለሚውጠው የድምፅ መቁጠሪያ ሰጥታ ወደ በሩ ሄደች። እሱም ተከተለ፣ ወረቀቱን ወደ መቁጠሪያው አፍ አስጠጋ፣ ስቦ ከጣቱ ነጠቀው፣ ላዩ ላይ ያለችው ቁጥር ከመቶ አርባ ስድስት ወደ መቶ አርባ ሰባት ዘለለች። አለቀ። ግሌንዳ መርጫለሁ የምትለዋን ተለጣፊ ደረቱ ላይ ራሷ ለጠፈችለት፣ እንደ ሕፃን።

መኪናው ውስጥ ብርድ ነው። ቁልፉን ከቶታል፣ ገና አላዞረውም፣ ዝናቡ መስተዋቱን ሸፍኖት ውጭው አይታይም፣ ማርላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች። መጀመሪያ ማሽኑን አዎ ብዬ ነበር፣ ትላለች። ክቧን ሳጠቁር ደስ አለኝ ዌንዴል፣ ደስ አለኝ እኮ፣ እዚህ ሆዴ ላይ ሞቅ አለኝ፣ ያቺን ደስታ ደግሞ አውቃታለሁ፣ ስለ ግብሩ አልነበረችም፣ ስለ ቤቱም አልነበረችም፣ እግሬ ወደ ዶቲ ቤት ሲሄድ ታየኝ። ስለዚህ መለስኩት። ማሽኑን አይፈቀድ፣ ግብሩን አዎ አልኩ፣ ቤቱ የሚሄድ ከሆነም ይሂድ።

መዋሸት ይችላል። ወረቀቱ ተውጧል፣ ስሙ የለበትም፣ እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት ቢላት ዕድሜ ልኳን አታውቅም፣ ደስም ይላታል፣ ምላሱ ላይ ደርሷል።

እኔ ማሽኑን አዎ ብያለሁ፣ ይላል።

አውቃለሁ፣ ትላለች፣ ጠዋት ያልኩህን ነዋ ያደረግከው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር። ጠዋት ስነግርህ እኮ፣ ትላለች፣ እምቢ ትለኛለህ ብዬ ነበር። ቅቤውን ስቀባ እየጠበቅኩህ ነበር። እሺ አልከኝ።

እሺ አላት። ስንት ጊዜ እሺ ብሏታል፣ ኮቷን እየሰቀለ፣ ጣቢያ እየቀየረ፣ መንገዱ እንዴት ነበር እያለ፣ ክብር መስሎት፣ እሷ ለካ በየማክሰኞው ከቤተ ክርስቲያኑ ስትመለስ፣ በሩን ከፍታ ስትገባ፣ አንድ ሰው፣ አንድ የራሷ ሰው፣ ቃሉን አንስቶ እንዲጠይቃት እየጠበቀች ስለ ጭቃውና ስለ ጉድጓዱ ታወራለታለች። ብቻዋን ነበረች። አልጋቸው ላይ፣ ጠረጴዛቸው ላይ፣ አጠገቡ ሆና ብቻዋን ነበረች። ይሄ ያመዋል፣ ከቤቱ በላይ ያመዋል። ዛሬ ማታ ይቆጠራል፣ ያልፋል ወይም አያልፍም፣ የእሱና የእሷ ድምፅ እንደሆነ አንዱ አንዱን ሽሮታል፣ የቀረው የሌላው ሰው ነው፣ ዶቲ ቤት ማሽን ይተከልም አይተከልም ከእጁ ወጥቷል፣ አፉ ግን እጁ ውስጥ ነው ያለው፣ ይኸው፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እንደ ተማሪ።

ማርላ፣ ይላል፣ ቁማር፣ ይላል፣ ቃሏ ከአፉ ስትወጣ እንግዳ ሆና ትሰማዋለች፣ ማርላ ወደ እሱ ትዞራለች፣ ማሽኑ ይግባም አይግባም ቁማር እንድትጫወቺ አልፈልግም፣ ዶቲ ቤትም እንድትገቢ አልፈልግም፣ ፖስታውን ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ የማመጣው፣ እፈራለሁ ማርላ፣ አራት ዓመት ሙሉ ስፈራ ነው የኖርኩት።

ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል። ልታለቅስ ነው ብሎ መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል፣ እሷ ግን አላለቀሰችም።

እስቲ ድገምልኝ፣ ትላለች።

ይደግምላታል።