የአምስት ደቂቃ ሐዘን

ራዲዮ የገዛ እናቷን በሕይወት እያለች ገድላ፣ ቀብራ፣ በዚያም ላይ አንደኛ ወጥታ ዋንጫ ይዛ ቤቷ ገብታለች። ማንም አይደንግጥ፤ የገደለቻት በንግግር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያደረባት ፍርሃት ግን በእጁ ነፍስ ካጠፋ ሰው ፍርሃት የሚያንስ አልነበረም።

ራዲዮ ብለው ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፣ አፏ ስለማያርፍ። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የትንሿ ከተማቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንግግርና የድራማ ክበብ አለው፤ የሚሰበሰበውም ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የተሰባበሩ ወንበሮች በሚከማቹበት ክፍል ነው። የክበቡ ልጆች ከየገጠሩ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው፤ የራዲዮን እናት የሚያውቅ የለም። ክበቡን የያዘው ዘንድሮ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ ወጣት አስተማሪ ሲሆን፣ የሩጫ መቁጠሪያ ሰዓት በአንገቱ አንጠልጥሎ ይዞራል። ሰላም ሲሉት እንኳ አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ናት። ውድድሩ ክርክር አለው፣ ድራማ አለው፣ ደግሞ "የራስ ታሪክ" የሚባል አለ፤ ተወዳዳሪው በሕይወቱ የደረሰበትን በአምስት ደቂቃ የሚናገርበት። አስተማሪው ለራዲዮ ይህን የመጨረሻውን ሰጣትና፣ ዳኞቹ የሰለቻቸውን ሳይሆን አንጀት የሚበላ ነገር ይዛ እንድትመጣ ነገራት።

ከየት ታምጣው? አባቷ ጥሏቸው የሄደው ገና ስትድህ ነው፤ የማታስታውሰው ሰው አያስለቅሳትም። ያላት አንድ ደብተር ብቻ ነበር። ዓምና እናቷ ቀዶ ጥገና ስትደረግ፣ ራዲዮ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ፣ ፍርሃቱ ሲብስባት ጊዜ ደብተሯን አውጥታ "ብትሞትስ?" የሚለውን ሁሉ ጽፋዋለች። መርዶውን ማን እንደሚነግራት፣ ቤት ስትገባ የእናቷ የሥራ ሽርጥ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ እንዴት እንደሚጠብቃት፣ ሽርጡ ምን ምን እንደሚሸት። እናቷ በሦስተኛው ቀን ቀና ብላ ሾርባ ጠየቀች፤ ደብተሩ ግን ቀረ። እንግዲህ ራዲዮ ያንን በንጹሕ ወረቀት ገለበጠችና፣ እናቷን ከምር ገድላ ለአስተማሪው ሰጠችው።

አስተማሪው አንብቦ ሲጨርስ ሰዓቱን ከአንገቱ አወለቀ። እግዚአብሔር ያጥናሽ አላት። እዚያው "ኧረ አለች፣ ደህና ናት" ብትል ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ትልቅ ሰው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሲያጽናና፣ ውሸቴን ነው ማለት ለማን ይቀለዋል? አንገቷን ደፍታ አሜን አለች።

በመጀመሪያው ውድድር፣ ጎረቤት ከተማ ውስጥ፣ አዳራሹን አስለቅሳ አንደኛ ወጣች። ዋንጫውን ይዛ ስትገባ እናቷ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ስለ ምን እንደተናገረችም ጠየቀቻት። ራዲዮ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቷት፣ "ስለ አንቺ" አለች።

ጉድ የፈላው ያኔ ነው። እናቷ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። የታካሚ አንሶላና የሐኪም ጋውን ስትለይ፣ ደም የነካውን ለብቻ ስትዘፈዝፍ፣ የታጠበውን እየተኮሰ በሚያደርቅ የሚፋጅ ሲሊንደር መሐል ስታሳልፍ ነው የምትውለው። እጇ በበረኪና ተልጦ አልቋል። ስለዚች ሴት ንግግር ተደርጎ ዋንጫ መጣ ሲባል፣ ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ እየጮኸች ላጣቢው ሁሉ አወራች። ለፍጻሜው ውድድር ተረኛ ጓደኛዋን ለምና ከጠዋቱ ልብስ በኋላ ያለውን ተራ ቀየረች፣ አለቃዋንም አስፈቀደች፤ ስለ ራሷ የተባለውን በጆሮዋ ልትሰማ።

ደግሞ እናቷን የሚያውቅ ያውቃል፣ ሟርት አትወድም። አስከሬን የተነሣበትን አንሶላ ስታጥብ ስለምትውል ይሆናል፣ ራዲዮ "በሳቅ ሞትኩ" ብትል እንኳ ክፉ አታውሪ ብላ ትቆጣታለች። ራዲዮ በበኩሏ ከዚያ ውድድር ወዲህ እናቷ አንዴ ባሳለች ቁጥር ትበረግጋለች። ተናግሬ ያመጣሁባት እንደሆነስ እያለች፣ እናቷ ስትተኛ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ታያለች።

አስተማሪውን ንግግሩን ልቀይር ብላ ለመነችው። እሱ ግን ሕጉን አሳያት። የተወዳዳሪው ጽሑፍ አንድ ቅጂ ዳኞቹ ዘንድ ይቀመጣል፤ አንዷ ዳኛ በማስመሪያ መስመር በመስመር እየተከተለች ታዳምጣለች፤ ከአሥር ቃል በላይ የተለወጠ እንደሆነ ተወዳዳሪው ይሰረዛል። የትምህርት ቤቱን ስም ተሸክመሻል፣ ሁሉም ሰው ፍጻሜ ሲደርስ ይፈራል፣ አይዞሽ አላት። የፈራችው መድረኩን መስሎታል።

የፍጻሜው ቀን፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዘው ትልቁ ከተማ ደረሱ። እናቷ ከክበቡ ጋር አልተሳፈረችም፤ የጠዋቱን ልብስ አስረክባ በሚቀጥለው አውቶቡስ ትመጣለች። ራዲዮ በዚህች ላይ ተስፋ ጣለች፤ ተራዋ ቶሎ ከደረሰ እናቷ ሳትገባ ታልፈዋለች። ዕጣ ከፌስታል ውስጥ አወጡ። ከሰባት ተናጋሪ ስድስተኛ ወጣባት። ሁለተኛ ተራ የደረሰውን ልጅ ቀይረኝ ብትለው፣ ዳኞቹ ጽፈውታል አላት።

አንደኛው ስለ ወንድሙ ተናገረ፣ ሁለተኛው ስለ ስደት። ራዲዮ አንድም ቃል አልሰማችም፤ ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። በሩ ተናጋሪ ሲኖር ይዘጋል፣ በመሐል ይከፈታል። አውቶቡሱ ጎማው ቢተነፍስ፣ ዘበኛው ቢከለክላት፣ አለቃዋ ሐሳቧን ቀይራ ብትይዛት እያለች፣ በገዛ እናቷ ላይ ክፉ ክፉውን ስትመኝ ራሷን ያዘች። ወዲያው ደግሞ አውቶቡሱ ቢገለበጥስ ብላ በሌላ ፍርሃት ተመታች።

አራተኛው ተናግሮ ሲወርድ በሩ ተከፈተና እናቷ ገባች። ለበዓል እንኳ የማታወጣውን ጫማ አድርጋ፣ ፀጉሯን ተሠርታ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠችና ልጇን ስትፈልግ አገኘቻት፤ እጇን እስከ ደረቷ ብቻ አንሥታ አውለበለበች።

ራዲዮ አስተማሪውን አሞኛል አለችው። እሱ ውሃ ሰጣት። ስሟ ተጠራ። እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣች አታውቅም። ዳኛዋ ማስመሪያዋን የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጣ በመነጽሯ በላይ አየቻት።

ጀመረች። ስለ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ስለ እንፋሎቱ፣ ስለ እናቷ እጅ። እናቷ ፈገግ አለች፤ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዘንበል ብላ የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ ተወችው። ኮሪደሩ ሲመጣ ፈገግታው ቆመ። ራዲዮ እናቷ የምትሞትበት መስመር ሲቀርብ ይታያታል። ቃሉ አፏ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። አንድ ሰኮንድ፣ ሁለት፣ አምስት። አዳራሹ ሐዘኑ ያቆማት መስሎት ከንፈሩን መጠጠ፤ ከኋላ አንድ ሰው ተንሰቀሰቀ። አስተማሪው በሰዓቱ ላይ ጣቱን ጭኖ ቆሟል።

እናቷ በዚያች ዝምታ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አየች። የዳኛዋን መሐረብ አየች፣ አስተማሪውን አየች፣ ከዚያ ልጇን። ገባት። ፊቷ ሲገረጣ ራዲዮ ከመድረክ ሆና አየችው። ከዚያ እናቷ ራሷን ቀስ አድርጋ ከላይ ወደ ታች ነቀነቀች። ቀጥዪ ማለቷ ነበር።

ራዲዮ ቀጠለች። እናቷ ሞተች፣ ሽርጡ በሩ ጀርባ ቀረ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ። ማስመሪያው አንድ ቃል ሳይዛነፍ እስከ ታች ወረደ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ እናቷም ከሰው ጋር ቆማ አጨበጨበች።

አንደኛ መውጣቷ ከተነገረ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ዳኛዋ አቀፈቻት፤ አስተማሪውም አጠገቧ ቆሞ ነበር። እናቷ ሰው እየገፋች መጣች። ራዲዮ ሸሽታ የምትገባበት አልነበራትም። አሁን ሁሉም ሊወጣ ነው ብላ፣ እንዲያውም ወጥቶ በተገላገልኩ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። አስተማሪው ማን እንደሆነች በትሕትና ጠየቀ።

"አክስቷ ነኝ" አለች እናቷ። "እናቷ ካረፈች ወዲህ የማሳድጋት እኔ ነኝ።"

በሳቅ ሞትኩ ሲባል የምትቆጣ ሴት ናት ይህን ያለችው። ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። ዳኛዋ እጇን ያዘቻት፤ ሟቿ የታደለች ናት፣ እንዲህ የምትወዳት ልጅ ትታ ነው የሄደችው አለቻት።

"አዎ" አለች እናቷ። "ምነው ሰምታው በሆነ።"

በመልሱ ጉዞ እናቷን ከክበቡ ጋር አሳፈሯት። አስተማሪው ከፊታቸው ባለው ወንበር ዋንጫውን ታቅፎ ተቀምጧል። ራዲዮ ከብዙ መንገድ በኋላ "እማ" አለች፣ በሹክሹክታ። እናቷ የአስተማሪውን ማጅራት አየት አደረገችና ጉልበቷን ያዝ አደረገቻት።

"አክስቴ በይ። ይሰማሻል።"

"እስከ መቼ?"

"እሱ እዚያ እያስተማረ እስካለ ድረስ ነዋ። ሰው ፊት ውሸታም እንድትባይልኝ አልፈልግም።"

ራዲዮ ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ያለ "እማ" የሚባል ይቅርታ አላገኘችም።

ከተማቸው መግቢያ ላይ፣ መናኸሪያው ሳይደርሱ፣ እናቷ ተነሥታ ወራጅ አለች። መናኸሪያው አካባቢ የማያውቃት የለም፤ አስተማሪው ፊት በልጅሽ እንኳን ደስ ያለሽ የማይላት ሰው አይኖርም። ወረደችና መኪናው እስኪያልፍ ጥጓን ይዛ ቆመች። ራዲዮ በመስኮቱ ስታያት፣ በዚያ ጫማ አቧራው ውስጥ ወደ ኋላ እየቀረች ነበር።

አስተማሪው ዞር ብሎ፣ "ደግ ሴት ናቸው አክስትሽ" አላት።

"አዎ ቲቸር" አለች ራዲዮ።