ወገቤ ስልሳ ሁለት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዶብሪንካም አልረሳችም። ቬኔታ ግን ሽቶዋ ቀድሟት፣ ማንንም በድላ እንደማታውቅ ሰው እየሳቀች ነበር የልብስ ስፌት ቤቱን በር ከፍታ የገባችው።

"እትዬ ዶብሪንካ! ካንቺ እጅ በቀር የማን ልብስ ያምርብኛል ብዬ መጣሁልሽ!"

ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በሎም ከተማ ቬኔታን የማያውቅ የለም። ማታ ማታ በከተማው ቴሌቪዥን ብቅ ትላለች፤ ከዜናው በፊት ደግሞ የማቅጠኛ ሻይ ታስተዋውቃለች። ስኒዋን ከፍ፣ ወገቧን ዘወር ታደርግና "ወገቤ ስልሳ ሁለት! ያንቺስ?" ትላለች። ይቺን አራት ቃል በቃሏ ያልያዘች ልጃገረድ እስቲ ፈልጉ! የግጥም መጽሐፍ ሲሰጣቸው ገጹን ሳይገልጡ የሚመልሱት ሁሉ ይቺን እንደ ጸሎት ይደግሟታል። ደብተር የረሳች ተማሪ ሜትር አትረሳም፤ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ሰላምታቸው "ያንቺስ?" ሆነ።

ነገሩን የምሯን የያዘችው ግን የዶብሪንካ አንድ ልጅ ራሊትሳ ናት። ከእናቷ ሳጥን ሜትር ወስዳ ጠዋት ማታ ስትለካ፣ ሻዩን ስትጋት፣ ሳህኗን ለድመቷ ስትገለብጥ ከረመች። አንድ ቀን፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ወገቧ ሃምሳ አራት ነበር። ሐኪሙ ለዶብሪንካ ሳያድበሰብስ ነው የነገራት፦ "ልቧ ደክሟል። ካልበላች ትሞትብሻለች።" ልጅቱ ግን ያን ጊዜም፣ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶባት፣ "ሻዩን በሰዓቱ ስላልጠጣሁ ነው፤ ቬኔታ እኮ እየበላችም አትወፍርም" ትል ነበር።

የዶብሪንካ አንጀት ያረረው እዚህ ላይ ነው። ቬኔታን ስድስት ዓመት ያለበሰቻት እሷ ናት። የቬኔታ ወገብ ስንት እንደሆነ ከባሏ ይልቅ የዶብሪንካ ሜትር ያውቃል፤ ዘጠና አንድ! ትርፉን ጠፍሮ የሚይዘው ከገበሩ ስር የሚሰፋው ጠንካራ ሸራ ነው። ሻዩንማ ቀምሳውም አታውቅ። "ሆድ ይቆርጣል አሉ" ብላ እዚሁ ስፌት ቤት ውስጥ ስቃለች፣ እግዜር ይይላት! ዶብሪንካ ይህን ሁሉ ለልጇ አንድ በአንድ ነግራታለች። ልጇ ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ቅናት ነው፣ እማዬ።"

እና ቬኔታ መጣች። እጇን ዘርግታ ቆመች፤ ዶብሪንካም ትለካት ጀመር።

"ለተመራቂዎቹ ሰልፍ ነው" አለች። "አደባባዩ ላይ ከልጆቹ ጋር ሆኜ በቀጥታ አስተላልፋለሁ። ከተማው ሁሉ ያየኛል። ስልሳ ሁለት መምሰል አለብኝ፣ በኋላ ጉድ እንዳታደርጊኝ።"

"ትመስያለሽ" አለች ዶብሪንካ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች።

"ልጅሽስ? አሟታል ሲሉ ሰማሁ።"

"ቀጥናለች።"

"ታድላ!" አለች ቬኔታ።

ታድላ! ዶብሪንካ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "ሥራ በዝቶብኛል" ብላ ልትመልሳት ነበር ሐሳቧ። አሁን ግን ደሟ ፈላ። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና "የፊታችን ዓርብ ነይ" አለቻት።

ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ልብሱን በእጇ ላላ ባለ ክር ታያይዘዋለች። ልኩ ሲረጋገጥ በመኪና ትሰፋውና የእጅ ክሩን መዝዛ ትጥለዋለች። ዶብሪንካ ሁሉንም በመኪና ደርባ ሰፋች፤ አንድ ቦታ ሲቀር። ያን ሁሉ ሥጋ ጠፍሮ የሚይዘውን የጀርባ ስፌት በእጅ ክሩ ብቻ ተወችው። ክሩን ከልብሱ ጥቁር ሐር ጋር እንዲመሳሰል ጥቁር አደረገችው። ቀጥ ብሎ ለመቆምና ለመለፍለፍ ይበቃል። ለመዝለል ግን አይበቃም። "ዝለያ!" አለች ብቻዋን፣ ልብሱን እየተኮሰች። "ከልጆቹ ጋር ዝለያ፣ የኔ ቆንጆ!"

የሎም ተመራቂ ሲወጣ ዝም ብሎ አይወጣም። የተማረባቸውን ዓመታት ከአንድ እስከ አስራ ሁለት በአንድ ድምፅ እየጮኸ ይቆጥራል፤ በያንዳንዱ ቁጥር ይዘላል። አብሯቸው የቆመ ሁሉ ካልዘለለ ነውር ነው።

ዶብሪንካ በዕለቱ ራሊትሳን ደግፋ አደባባዩ ላይ ካለው ወንበር አስቀመጠቻት። ልጅቱ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ለመሰለፍ አቅም አልነበራትም። ሐኪሙ የሰጠው ቀን ሰኞ ያበቃል፤ ክብደት ካልጨመረች ሶፊያ ተወስዳ በቱቦ ልትመገብ ነው። ግን ተስፋ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሾርባ ወስዳለች፤ ያን ቀን ደግሞ በራሷ አፍ "ባኒጻ ግዢልኝ" አለች። አይብ ያለበትን ትኩስ ቂጣ በወረቀት ይዛ አንዴ ገመጠች፤ ዶብሪንካ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

"ዛሬ ዓይንሽን ከቬኔታ እንዳትነቅይ" አለቻት።

ጩኸቱ ተጀመረ። "አንድ! ሁለት! ሦስት!" ቬኔታ ማይክሮፎኗን ይዛ በጥቁር ሐሯ መሐላቸው ገባች፤ እየሳቀች ዘለለች። "ስድስት! ሰባት!" ዶብሪንካ በልቧ አብራ ቆጠረች። ስምንት ላይ ቬኔታ ጀርባዋን ነካ አደረገች። ዘጠኝ ላይ ልብሱ ከጀርባው ተተረተረ።

ሸራው ወደ ጎን ፈነጠረ፤ ሆዷ በካሜራው ፊት ዝርግፍ አለ። ከዚያ አንዱ ጎረምሳ "ወገቤ ስልሳ ሁለት!" ብሎ ጮኸ።

"ያንቺስ?" አሉ ሁሉም ባንድነት።

"ኧረ አንዱ ጭኗ ነው ስልሳ ሁለት!"

"ሻይ አምጡላት! በባልዲ!"

ቆጠራውንም ቀጠሉት፦ "ሰባ! ሰማንያ! ዘጠና!" ቬኔታ ሆዷን በሁለት እጇ ሸፍና በዓይኗ ሰው ስትፈልግ ከዶብሪንካ ጋር ተያዩ። ዶብሪንካ ፊቷን አላዞረችም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ! ዕንባዋ እስኪመጣ፣ ጎኗን ይዛ፣ ከሕዝቡ ሁሉ በላይ ሳቀች።

"አየሽ ልጄ?" አለች ወደ ራሊትሳ ዞራ። "አየሽ አይደል? ውሸቷን ነው ያልኩሽ!"

ራሊትሳ አልሳቀችም። የምታየው ቬኔታን ሳይሆን የክፍል ጓደኞቿን ነበር።

"አየሁ" አለች። "ወፍራም ሲያገኙ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።"

"ምን?"

"እኔ እኮ ወገቤ ሃምሳ ስድስት ገብቷል።" ባኒጻውን ወረቀቱ ላይ መልሳ ቅባቱን ከጣቷ ጠረገች።

"አንቺ ደግሞ ከሷ ጋር ምን አገናኘሽ? የኔ ዓለም፣ እሷ ውሸታም ስለሆነች እኮ ነው የሳቁባት!"

"በውሸቷ አልሳቁም። በሆዷ ነው የሳቁት።" ቀና ብላ አየቻት። "አንቺም ሳቅሽ፣ እማዬ።"

ዶብሪንካ ጎንበስ ብላ ከባኒጻው ቆረሰች።

"አፈር ስሆን፣ ልጄ፤ ይቺን ብቻ!" ብላ ወደ አፏ አስጠጋችላት።

ልጅቱ ጥርሷን ገጠመች።