ዝም ያለው ጋን

የእናቴ የአሰለች ጠላ ሐሙስ ጠዋት ዝም አለ። ረቡዕ እኮ ያ ጋን ልክ እንደ ጓድ ሊቀመንበር በስብሰባ ቀን ሲያጓራ ነው የዋለው! ሐሙስ ጆሮዬን ሆዱ ላይ ለጥፌ ባዳምጥ ግን ትንፍሽ የለም።

ቅዳሜ የማርያም ጽዋ ተራው የኛ ነው። ገብሱን ውርጭ መትቶት ብቅሉ ከወትሮው አንሷል፤ ሌላ የሚጠነሰስ እህልም ቤት ውስጥ አልነበረም። ለዚህ ነው አክስቴ ይማርሽ ማክሰኞ ዕለት ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ የደረሰንን ስኳር በሙሉ ድፍድፉ ላይ የገለበጠችው። "ያፋጥነዋል" ብላ። አፋጠነውም። ከዚያ ቀጥ!

"ዓይን ነው፤ ሰው አይቶታል" አለች እትዬ ይማርሽ። "ይደፋና ዛሬውኑ ከጎረቤት እንለምን። ነገማ ማን ይሰጠናል?"

እናቴ ቅል አንስታ ወደ ጋኑ ስትሄድ መሐል ገባሁ።

"እማ፣ አልሞተም! ጋሼ ደርበው አስተምረውናል!"

"ጋሼ ደርበው ጠላ ጠምቀው ያውቃሉ?"

"ጠጥተው ያውቃሉ።"

እትዬ ይማርሽ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

ጋሼ ደርበው ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ የሳይንስ መምህራችን ናቸው። እርሾ ማለት በዓይን የማትታይ፣ ነፍስ ያላት ነገር ናት ይላሉ። የሱቅ ስኳር ካገኘች ሌላ አታይም። የብቅል ስኳር ደግሞ እንደታሰረ ነዶ ነው፤ ለመፍቻው ኢንዛይም የሚባል መሣሪያ ይጠይቃል። የመሣሪያው አሠራር ከእናቷ በወረሰችው፣ ጂን በሚሉት የዘር መጽሐፍ ላይ ተጽፎላታል፤ ግን የቀለለው ስኳር እያለላት ጽሕፈቱን ገልጣም አታየው። ሲያልቅባት ነው መሣሪያ ልሥራ ብላ ሥራዋን አቁማ የምትቀመጠው። እኔ እንደገባኝ ልክ እንደ ሠርግ እንግዳ ናት፤ ሥጋው እስካለ ድረስ ሽሮውን ማን ዞር ብሎ ያያል?

"እና አሁን መሣሪያዋን እየሠራች ነው" አልኳቸው።

እናቴ ቅሉን አስቀመጠችው። "እሺ፣ እስከ ነገ ጠዋት። ካልተነሳ ግን ከተማሪ ቤት ወጥተሽ ከኔ ጋር ስትጠምቂ ትኖሪያለሽ። በሰው ፊት የሚያዋርደኝ ትምህርት አልፈልግም።"

እናቴ ቀልድ አታውቅም። ታላቅ እህቴን ከሦስተኛ ክፍል ያስወጣቻት እሷ ናት፤ እኔ ገና አምስተኛ ነኝ። ነጠላዬን ሳላጣፋ ወደ ጋሼ ደርበው በረርኩ።

"ጋሼ፣ መሣሪያውን ለመሥራት ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?"

ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። "መጽሐፉ ጥቂት ሰዓት ነው ይላል። የመጽሐፉ እርሾ ግን ሙቅ ቤት ነው ያለችው። የናንተ ጋን የት ነው?"

"በሩ ሥር።"

"በላስታ ብርድ? እኔም እዚያ ቢያስቀምጡኝ ሥራ አልሠራ!"

ሮጬ ተመለስኩ። ጋን ገፍቼ ምድጃ አጠገብ አላደርስ ነገር! ዙሪያውን ጭድ ጠቀጠቅኩበት፤ በላዩ ደግሞ መደቡ ላይ ታጥፎ ያገኘሁትን ጋቢ ደረብኩለት። የአባቴ የክት ጋቢ ነው፤ ለጽዋው ታጥቦ የተቀመጠ።

"ጋን እንደ አራስ ይሸፋፈናል?" አለች እትዬ ይማርሽ።

"አራስ እኮ ናት እትዬ። ገንፎ ያገንፉላት።"

ዓርብ ጠዋት የቀሰቀሰኝ የአባቴ የአራጋው ጩኸት ነው። "ጋቢዬን! ማነው ጋቢዬን እንዲህ ያደረገው?"

ዘልዬ ተነሳሁ። አረፋው ክዳኑን ገፍቶ፣ ገንፍሎ፣ ጋቢውን እስከ ጥለቱ አቡክቶታል። ጋኑ ሲፍለቀለቅ ጆሮ መለጠፍም አላስፈለገኝ።

አባቴ ጋቢውን አንስቶ አሸተተው። ቆየና ደግሞ አሸተተው። "ነገ ምን ልለብስ ነው?"

"እሱኑ" አለች እናቴ። "እንግዳው የጠላውን ማማር ከበር ጀምሮ ይወቀው።"

እትዬ ይማርሽ "እኔ ስኳሩን ባልጨምርበት ኖሮ..." ብላ ጀምራ ነበር፤ የሰማት የለም።

እናቴ በቅል ጨልፋ ቀመሰች። አንድ ጊዜ ምላሷን አጣጣመች፤ ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

"ምን ተገትረሽ ታዪኛለሽ?" አለች። "ረፍዷል እኮ። ተማሪ ቤት አትሄጅም?"