ትኩሳት ያለበት አያልፍም

ትኩሳት የሌለበት ሰው ሐኪም ቤት ምን ሊሠራ ይሄዳል? እስቲ እናንተ ንገሩን፤ ድልድዩ አፍ ላይ ያን ሰሌዳ የሰቀሉት ሰዎች መልስ የላቸውምና። «ትኩሳት ያለበት አያልፍም» ይላል፣ በቀይ ቀለም። ከድልድዩ ማዶ፣ ከድንበሩ ወዲያ፣ የሆስፒታሉ ነጭ ግድግዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወረርሽኙ እስኪገባ ድረስ የወዲህኛው ዳር መንደሮች ሁሉ የሚታከሙት እዚያ ነበር። በገዛ አገራቸው ያለው ሆስፒታል ጤነኛውን እንኳ የሚያደክም የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሰሌዳውን አንብባ ስትጨርስ፣ ባጃጁ ውስጥ ትከሻዋ ላይ የተደገፈችው ልጇ ትንቀጠቀጥ ነበር። ልጅቷ ከወለደች ሳምንት አልሞላትም። ዛሬ ጠዋት ሕፃኑን አቅፈው ቢያሳዩዋት፣ «የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ያኔ ነው ልብስ ሰፊዋ ሕፃኑን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ባጃጁ ዳገት ላይ ስለሚያቃስት ሰዉ «ጄቱ» እያለ የሚያፌዝበትን ሾፌር የጠራችው።

«ሴትዮ፣ ርቀትሽን ጠብቂ» አለ የኬላው ጠባቂ።

ፊቱን ሳይሆን ማስኩን አየች። ጠርዙ ድርብ ስፌት ነው፤ የራሷ እጅ ሥራ። የወረዳው አስተዳደር ለኬላው ሠራተኞች ስፊ ብሏት ወገቧ እስኪቆረጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ የሰፋችው።

«አፍህ ላይ ያሰርከው የኔን ጨርቅ ነው» አለችው። «ርቀቱን ያኔ በነገርከኝ።»

ጄቱ ከመሪው ኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ጠባቂው ከኋላው ወዳለው ድንኳን ተጣራ።

ከድንኳኑ ሽጉጥ መሳይ የሙቀት መለኪያ ይዞ የወጣውን ሰው ስታይ ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። የመንደራቸው ጤና ጣቢያ ነርስ ነው። ጤና ጣቢያው አንድ ነርስ ብቻ ነበረው፣ እሱም ይኸው ነው። በሩ ከተቆለፈ ሰንብቷል፤ «ሠራተኛው ለአስቸኳይ ሥራ ተዛውሯል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አስቸኳይ ሥራው ምን እንደሆነ አሁን አየችው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሰው ግንባር ላይ መደገን።

«እትዬ» አለ ነርሱ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። መለኪያውን ባጃጁ ውስጥ ወዳለችው ልጅ ግንባር ደገነ፤ ጮኸ፦ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት። «ማለፍ አትችልም።»

«ይሄ የወሊድ ትኩሳት ነው። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«መሣሪያው አይለይም። እኔም እንድለይ አልታዘዝኩም፤ እንድለካ ነው የታዘዝኩት።»

«መድኃኒቱስ የት ነው?»

«ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ አለ።» እጁ ሳያውቀው ቀበቶው ላይ ወደተንጠለጠለው ቁልፍ ሄደ። «ቁልፉን ብሰጥሽስ መርፌውን ማን ይወጋታል? እኔ ደግሞ ከዚህ ንቅንቅ ካልኩ እታሰራለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከቁልፉ ላይ አላነሳችም። ሐኪሙን ከበሽተኛው ቀምተው በሽተኛውን እንዲመልስ በር ላይ አቆሙት። ይህን ያሰበው ሰው ማታ እንቅልፍ ይወስደዋል? ልጆች አሉት? ከሁሉ ያናደዳት ግን ነርሱን ልትጠላው አለመቻሏ ነበር። ከንፈሩ በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። የምትጠላው ሰው እዚህ የለም፤ ሁልጊዜም እዚህ አይገኝም።

ዛሬ ግን መጣ።

አቧራ እያስነሳ የደረሰው መኪና በር ተከፍቶ የወረዳው አስተዳዳሪ ወጣ። ካሜራ የያዘ ሰውና አጃቢዎች ተከተሉት። አስተዳዳሪው እጁን ታጠበ፤ ካሜራው ስለዘገየ ደግሞ ታጠበ። ግንባሩን ለነርሱ አቀረበና ሲያልፍ አጃቢዎቹ አጨበጨቡለት። ከዚያ ድምፅ ማጉያ ተቀብሎ፣ ድልድዩን ለማለፍ ሰልፍ ላይ ወደቆመው ሰው ዞረ።

«ወረርሽኙን በብቃት እየተከላከልን ነው» አለ። «በመንደሮቻችን አንድም የጤና አገልግሎት አልተቋረጠም።»

ልብስ ሰፊዋ የልጇን ራስ ቀስ አድርጋ ወንበሩ ላይ አሳረፈች። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰቻት። «ሞተሩን እንዳታጠፋው» አለችው ጄቱን፣ እና ሰልፉን ሰንጥቃ ሄደች። ጠባቂው እጁን ዘረጋ፤ ዓይኗን ሲያይ ግን መልሶ ሰበሰበው።

«ጌታዬ» አለች። «የመንደራችን ጤና ጣቢያ ተቆልፏል። ነርሱ ይኸውና ከጎንዎ ቆሟል። አሁን የለካዎት እሱ ነው።»

ሰልፉ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። አስተዳዳሪው ፈገግታውን ሳይጥል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ነገ ቢሮ ይምጡና በሰፊው እናየዋለን።» ወደ ካሜራው ዞሮ፣ «አጥፋው» አለ።

ባለካሜራው አመነታ፤ አላጠፋውም። ነርሱ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

«እውነቷን ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለ፣ ከቀበቶው ፈቶ ሁሉም እንዲያየው እያነሳው። «ልጅቷ እዚያ ባጃጅ ውስጥ ናት። እስከ ማታ አትቆይም።»

አስተዳዳሪው መኪናውን አየ፣ ድልድዩን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ልብስ ሰፊዋ እጁ ላይ ወደ ታች የተንጠለጠለውን ድምፅ ማጉያ ከነእጁ ይዛ ወደ አፉ አነሳችው።

«አልተቋረጠም ያሉት በዚህ ነው፤ መልሱንም በዚሁ ይንገሩን» አለች። «ነርሱን ይለቁታል ወይስ ድልድዩን ይከፍታሉ? ነገ አይደለም፣ ቢሮም አይደለም። አሁን፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሰማዎት ይመልሱ።»