ኬን ክንዱ ላይ ያስነቀሰው ስም

ካሳነሽ የወደፊት አማቿን ባዶ ክንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው አሮጌ ሶፋ ሲያወርድላት ነው።

ኬን ሳካይ ከልጇ ከራኬብ ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል። ቤቷ በመጣ ቁጥር የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎ ነው የሚመጣው፤ እሷም ጨዋነቱን ትወድለት ነበር። ያን ቀን ግን ሰፈራቸው ሚድ ሲቲ በሙቀት ነድዳለች። ኬን ሶፋውን ከፎቅ ለማውረድ እጅጌውን ሲሰበስብ ክንዱ ላይ የተነቀሱ ሁለት ጥቁር ምልክቶች ብቅ አሉ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለችው።

"የቤተሰቤ ስም ነው። ሳካይ። በካንጂ ሲጻፍ እንዲህ ነው።"

ካንጂ ጃፓኖች ድሮ ከቻይና የወሰዱት ፊደል እንደሆነ፣ እያንዳንዱም ፊደል ከድምፁ ሌላ የራሱ ትርጉም እንዳለው ከጎኑ የቆመችው ራኬብ አስረዳቻት።

"ሶ፣ ትርጉሙ ምንድነው?"

ኬን የመጀመሪያውን ምልክት በጣቱ ነካ። "ይሄ መጠጥ ነው፤ ከሩዝ የሚጠመቀው።" ሁለተኛውን ነካ። "ይሄ ደግሞ የውሃ ጉድጓድ።"

"የመጠጥ ጉድጓድ!" አለች ራኬብ እየሳቀች። ወዲያው የእናቷን ፊት አይታ ሳቋን ዋጠች።

የራኬብን አባት ጸጋዬን የገደለው መጠጥ ነው። ታክሲ ነጂ ነበር፤ ደግ ሰው፣ ተጫዋች ሰው። መጀመሪያ ሥራውን፣ ቀጥሎ ጉበቱን፣ በመጨረሻም ራሱን ጨረሰው። ካሳነሽ ከዚያ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው ዳውንታውን ባለ የመኪና ማቆሚያ ህንጻ ውስጥ በካሸርነት እየሠራች ነው።

በማግስቱ እዚያችው ጠባብ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ መኪኖቹን ስታስወጣ ሐሳቧ ሁሉ ክንዱ ላይ ነበር። ስም ዝም ብሎ አይወጣም ብላ ነው የምታምነው። እሷ ራሷ ካሳነሽ የተባለችው ከእሷ በፊት የተወለደው ወንድሟ ስለሞተ ነው። ታዲያ አንድን ቤተሰብ የመጠጥ ጉድጓድ ያሰኘው ምን ቢሆን ነው? ጠማቂዎች ነበሩ? ወይስ ሰክሮ ጉድጓድ የገባ አያት ነበራቸው? እንዳትስቅ ጨነቃት፤ እንዳታለቅስ ደግሞ ነገሩ የሚያስቅ ነው።

ግራ ሲገባት ለጋሼ ተክለብርሃን ደወለች። ጋሼ ተክለብርሃን የጸጋዬ የአክስት ልጅ ናቸው፤ በቤተሰቡ ውስጥ ሠርግም ሆነ እርቅ ያለ እሳቸው አይሆንም።

"ለሽምግልና ሲመጡ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ? ያኔ እንጠይቃለን" አሏት።

"የስም ነገር መጠየቅ ነውር አይሆንም?"

"ኧረ ምን ነውር አለው! ስም የሚወጣው ሊጠየቅ አይደል?"

ሽምግልናው ቅዳሜ በምሳ ሰዓት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ ምግብ ቤት ሆነ። በኬን በኩል የመጡት አያቱ ብቻ ናቸው። ፉሚኮ ይባላሉ፤ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። እናትና አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ኬን ያ ሁሉ ሙቀት እያለ እጅጌውን ቆልፎ ከጎናቸው ተቀምጧል።

ጋሼ ተክለብርሃን ተነሥተው የራኬብን ወገን ቆጠሩ። ጸጋዬ፣ ምስጋና፣ ሰይፈሥላሴ፣ እያሉ ሳያቋርጡ ሰባት ቤት ደረሱ። ራኬብ ለፉሚኮ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች። ተራው የእሳቸው ሲሆን ግን አሮጊቷ ሦስት ጣት ብቻ አወጡ።

"ልጄ፣ ባለቤቴ፣ ከጃፓን በመርከብ የመጣው የባለቤቴ አባት። ከዚያ በላይ አላውቅም።"

ካሳነሽ ከዚህ በላይ መታገሥ አቃታት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ" አለች በእንግሊዝኛ። "ቤተሰቡ የመጠጥ ጉድጓድ የተባለው ለምንድነው?"

ፉሚኮ በደንብ ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን አስጠጉ። "የምን ጉድጓድ?"

"የመጠጥ። ክንዱ ላይ ተጽፏል እኮ።"

ኬን ዓይኑን ጨፈነ። ካሳነሽ የሠራችውን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እጅጌውን ይቆልፍ የነበረው ለእሷ ጨዋ ለመምሰል ብቻ አልነበረም፤ አያቱ ንቅሳት አይወዱም፣ እስከዚያች ቀንም አላዩበትም።

"አሳየኝ" አሉት አያቱ።

እጅጌውን ሰበሰበ። ፉሚኮ መነጽራቸውን አድርገው፣ ክንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት። ሁሉም ይቆጡታል ብለው ጠበቁ። አሮጊቷ ግን ግራ ገብቷቸው ቀና አሉ።

"ይሄ የኛ ስም አይደለም።"

"ሳካይ አይደል የሚለው?" አለ ኬን።

"ሳካይ ይላል። ግን የሌሎች ሰዎች ሳካይ ነው።" ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው መጻፍ ጀመሩ። "የኛ ሁለተኛው ያው ጉድጓድ ነው። የመጀመሪያው ግን መጠጥ ሳይሆን ዳገት ነው፤ የዳገት መንገድ። ድምፁ አንድ ነው፣ ቤተሰቡ ሌላ። ማን ነው እንዲህ ብለህ ጻፍ ያለህ?"

"ስልኬ ላይ ፈልጌ መጀመሪያ የመጣውን ወሰድኩ" አለ ኬን። ፊቱ ቀላ።

ጋሼ ተክለብርሃን ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። "ገባኝ! የወንድሜ ስም ሠርቀብርሃን ነው። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ፣ በግዕዝ ብርሃን ወጣ ማለት ነው። በእሳቱ ሰ ከጻፍሽው ግን ስርቆት ይሆናል፤ ብርሃን ሰረቀ! እዚህ አገር ደግሞ ሁለቱም ያው ኤስ ናቸው።"

ካሳነሽ ትንሽ እፎይ አለች። "ኦኬ፣ ዳገት ይሻላል። እንግዲህ ዳገት ላይ፣ ጉድጓድ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው?"

"የባለቤቴ አባት እንደዚያ ይል ነበር" አሉ ፉሚኮ። "ወንድሙ ደግሞ፣ የለም፣ ቃሉ ከመነሻው ድንበር ማለት ነው፣ ዳገትና ጉድጓድ በኋላ ለድምፁ ሲባል የተመረጡ ፊደሎች ናቸው ይል ነበር። እስኪሞቱ ተከራከሩ። የትኛው ልክ እንደሆነ እኔም አላውቅም።"

ካሳነሽ እንደገና ግራ ገባት። ኬን ወንበሩን ገፋ አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ። ራኬብ ልትከተለው ስትነሣ እናቷ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እኔ ልሂድ።"

ፌርፋክስ ላይ መኪኖች ተሰልፈው ፓርኪንግ ይፈልጋሉ። ኬን ከምግብ ቤቱ ጥላ ስር ቆሞ ክንዱን ያሻል።

"ይቅርታ ልጄ። አያትህ እንዳላዩት አላወቅሁም።"

"የንቅሳቱ ነገር አይደለም እትዬ ካሳነሽ። ጃፓንኛ አልችልም። ጃፓንም ሄጄ አላውቅም። ይሄ አንድ ነገር አለኝ ብዬ ነበር። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ሰው ሲጠይቀኝ ኮርቼ የማሳየው የማላውቀውን ሰው ስም ነው። የማን ይሆን?"

ካሳነሽ የምታውቀውን ነገረችው። "ባሌን መጠጥ ነው የወሰደብኝ። ክንድህን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።"

"ራኬብ ነግራኛለች" አለ። "አልዋሽዎትም፤ አልፎ አልፎ ቢራ እጠጣለሁ።"

"ስለ ቢራው ሌላ ቀን እንነጋገራለን።"

ሳቅ ብሎ ክንዱን ዘረጋላት። "ላስጠፋው? ወይስ ላስተካክለው?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ዳገት ይሁን ድንበር አያትህም አላወቁ!"

ተያይዘው ገቡ። ጋሼ ተክለብርሃን ሳይቀመጡ ጠበቋት። "እህስ ካሳነሽ፣ ምን ትያለሽ?"

"ምን እላለሁ ጋሼ? ስሙ አልገባኝም፤ ይገባኛልም ብዬ አላስብም። ልጁ ግን ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል። ይሁን ብያለሁ። እርስዎ ይመርቁ።"

ጋሼ መረቁ፤ ራኬብ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ምግቡ ቀርቦ አንድ ሁለቴ ከጎረሱ በኋላ ፉሚኮ ወደ ካሳነሽ ዞር አሉ።

"አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። የእናንተ የቤተሰብ ስም ማን ነው?"

"እኔ ካሳነሽ ዘለቀ ነኝ።"

"እንግዲያው ራኬብ ዘለቀ።"

"የለም፣ እሷ ራኬብ ጸጋዬ ናት።"

"የባልሽ ቤተሰብ ጸጋዬ ይባላል ማለት ነው። አባቱም ጸጋዬ?"

"አባቱ ምስጋና ነው። ጸጋዬ ምስጋና።"

ፉሚኮ ጉርሻቸውን ወደ ትሪው መለሱት። ካሳነሽን አዩ፣ ራኬብን አዩ፣ ከዚያም ሁሉንም በየተራ።

"ታዲያ የቤቱ ስም የትኛው ነው?"

ካሳነሽ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ወደ ጋሼ ዞረች። ጋሼ ተክለብርሃን እጃቸውን በናፕኪን ጠርገው፣ ወንበራቸውን ወደ አሮጊቷ አስጠግተው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።