ቆሞ የሚሽቀዳደመው ልጄ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእኔ የስፌት መኪና ፔዳሏ ሲረገጥ ትሠራለች፣ ካልተረገጠ አትሠራም፤ ሌላ ነገር አላውቅም። ልጄ ደግሞ ብስክሌት አፍቅሮ፣ እንጨት በተነጠፈበት ክብ ሜዳ ሲዞር ይውላል። ስንጨቃጨቅ ከረምንና በመጨረሻ ተስማማን፦ አንድ ቀን ሄጄ ላየው፤ አይቼ ካልወደድኩለት ብስክሌቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ አጠገቤ ሊሰፋ። እኔማ እርግጠኛ ስለነበርኩ፣ ለእሱ መኪና ቦታ መስኮቱ ሥር አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት።

ውድድሩ የሁለት ሰው ነው። ልጄ ፊት፣ አንድ ቀጭን ልጅ ከኋላው። ፊሽካው ሲነፋ ተነሱና፣ ገበያ ወጥቶ የሚገዛው እንደጠፋበት ሰው እየተንቀራፈፉ አንድ ዙር ሄዱ። ከዚያ ልጄ ቀጥ አለ። እግሩን ሳያወርድ፣ እዚያው ብስክሌቱ ላይ እንደተቀመጠ። ቀጭኑም ከኋላው ቀጥ አለ።

«ሰንሰለቱ ተበጠሰ እንዴ?» አልኩት አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ።

«የለም እናቴ፣ ስልት ነው። ፊት ያለው ነፋሱን ይጋፈጣል፤ ኋላ ያለው ተከልሎ ጉልበቱን ይቆጥብና መጨረሻ ላይ ያልፈዋል። ስለዚህ የፊተኛው፣ ያኛው እስኪቀድመው እየጠበቀ ነው።»

«ያኛውስ?»

«እሱም እየጠበቀ ነው።»

ደሜ ፈላ። መቀመጫው እየተበላ በየሳምንቱ ሱሪ ስጥፍለት የኖርኩት ለዚህ ነው? ለመቆም ለመቆምማ ቤትም አለ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያያል፤ እኔ ግን አልቻልኩም። ብድግ ብዬ፣ ጎረቤት በሚያውቀው ድምፄ፣ «ሂድ እንጂ አንተ ልጅ! ምን ይገትርሃል?» አልኩ።

ሄደ። ልጄ አይደለም፤ ቀጭኑ። ደንግጦ ፔዳሉን ረገጠና ልጄን አልፎ ፈተለከ። የእኔው ጉድ ወዲያው ከኋላው ልጥፍ አለበት። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ወጣ አለና መድረሻው ላይ በአንድ ጎማ ቀደመው። እኔም ዘልዬ የማላውቀውን ሰውዬ አቀፍኩት።

ከሜዳው ሲወጡ ልጄን፣ «ሂድ ስልህ ለምን አልሄድክም?» አልኩት።

«ከመቼ ወዲህ ሰምቼሽ አውቃለሁ?» አለኝ።

ስስቅ ቀጭኑ ልጅ ላቡን እየጠረገ መጣ። «ይቅርታ እትዬ፣ ለእኔ መስሎኝ ነው» አለ። «እዚህ ሜዳ ሰው ጮሆልኝ አያውቅም።»

ሆዴ ባባ። እንደዚያ መዝለሌም አሳፈረኝ። «በሚቀጥለው ለአንተም እጮኻለሁ» አልኩት።

ልጄ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ «አደራ፣ ልክ እንደዛሬው ጩኺለት» አለኝ። ጆሮውን ቆነጠጥኩት።

አሁን መስኮቱ ሥር፣ ለመኪናው ባዘጋጀሁት ቦታ፣ ብስክሌቱ ተገትሯል። በየሳምንቱ የምጥፈው ሱሪም ሁለት ሆኗል። የቀጭኑ ከልጄም የባሰ ነው፤ ለካ የሚጥፍለትም አልነበረም።